ባቡር፣ ቢሮ፣ ቴምብር፤ ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት በአማርኛ ያላቸው ፍቺና አገባብ

ስለ ውሰት ቃላት በምናስተምርበት ጊዜ ለፈረንሳይኛ የምንሰጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። «ባቡር፣ ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሹፌር ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው» ብለን ወደ ጣሊያንኛና ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በገዛ እጄ የሠራሁት የእርማት ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት «የሚከተሉትን የውሰት ቃላት ፍቺና ምንጭ ግለጹ» የሚል የፈተና ጥያቄ አውጥቼ ነበር። ከቃላቱ አንዱ «ባቡር» ነው። ከጌራ ወረዳ የመጣ አንድ ተማሪ «እህል የሚፈጭ ሞተር፤ ባቡር ቤት ማለት እህል የሚፈጭበት ቤት» ሲል መለሰ። በቀይ ብዕር ሰረዝኩበትና ከጐኑ «በሐዲድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ» ብዬ ጻፍኩለት። ተማሪው ቅሬታ አላቀረበም። ወራት ካለፉ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከጊንጆ ወደ መርካቶ ስወርድ ጤፍ ያዘሉ ሁለት ሴቶች «ዛሬ ባቡሩ ወረፋ አለው» ሲባባሉ ሰማሁና ቆም አልኩ። ጅማ ሐዲድ ገብቶባት አያውቅም። ሴቶቹ የሚሉት ባቡር የተማሪዬ ባቡር ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ እናቴ «ባቡር ቤት ድረስ» ብላ ስትልከኝ ወዴት እንደምሄድ አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ቀዩን ብዕር ስጨብጥ ነው የጠፋብኝ።

ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው የተማሪው መልስ ከእኔ እርማት ይልቅ ለቃሉ ጥንተ ነገር የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። በፈረንሳይኛ «ቫፐር» ማለት እንፋሎት ነው። ቱርክኛ ይህን ቃል ወስዶ «ቫፑር» በማለት የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ አደረገው። አረብኛ «ቨ» የሚባል ድምፅ የለውምና ቃሉ በዚያ ሲያልፍ «ባቡር» ወይም «ዋቡር» ሆነ። በግብጽ አረብኛ ዋቡር የእንፋሎት ሞተር፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዱቄት ወፍጮም ነው። እንግዲህ በአማርኛው ቃል መነሻ ላይ ያለው «ባ» በቀጥታ ከፈረንሳይ ሰዎች አፍ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የምንጠብቀው ድምፅ አይደለም፤ ቃሉ የዞረበትን መንገድ ያሳያል። ፈረንሳይኛ ለአማርኛው ባቡር አያት ነው እንጂ አባት አይደለም ብንል ይቀላል። ትርጉሙም ከመጓጓዣ በፊት «በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ መኪና» ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ይባል ነበር፤ ያ ባቡር ሐዲድ አልነበረውም። «ምድር ባቡር» በሚለው ስም ውስጥ «ምድር» የሚል ገላጭ ያስፈለገውም ባቡር ብቻውን የሐዲዱን መጓጓዣ ለይቶ ስለማያመለክት ይመስለኛል። ኦሮምኛም «ባቡራ» ሲል ሁለቱንም ይይዛል። የጌራው ልጅ ይህን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት አላገኘውም፤ ከመንደሩ ነው ያገኘው። ስሕተቴን ባወቅሁ ጊዜ እሱ ተመርቆ ሄዷል፤ ነጥቡም እንደተቀነሰ ቀረ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍቺው መፈለግ ያለበት በአማርኛ አገባቡ ውስጥ ነው፤ የፈረንሳይኛው ፍቺ ታሪኩን ይነግረናል እንጂ ተጠቃሚውን ለማረም ሥልጣን አይሰጠንም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተማሪዎቻችን፣ አንዳንድ ጊዜ እኛም፣ እነዚህን ቃላት በእንግሊዝኛ በኩል ለመፍታት መሞከራችን ነው።

ፈረንሳይኛ እንዴት እንደመጣ ባጭሩ ማስታወስ ይገባል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግብጻውያን መምህራን ያስተምሩበት የነበረ ሲሆን ፈረንሳይኛ በዚያ ዋና ቦታ ነበረው። የዓለም የፖስታ ኅብረት፣ የቆንስላዎች ደብዳቤ፣ የውጭ አገር ስምምነት ሁሉ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበር እስከ 1936 ድረስ የተማረ ኢትዮጵያዊ ማለት በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ማለት ነበር። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። ይሁን እንጂ በ1957 የታወጀውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ በ1960 የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ሁለቱም የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው።

ወደ እኛ አካባቢ የመጣ ፈረንሳዊ አልነበረም ማለት አይደለም። አንቷን ዳባዲ በ1843 በአባ ቦጊቦ ዘመን ሊሙ እናርያን አይቶ ከፋ ድረስ ዘልቋል፤ በ1881 በፓሪስ ያሳተመው የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላትም ዛሬ ድረስ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ነገር ግን በጅማ ንግግር ውስጥ ያሉት የፈረንሳይኛ ቃላት በዳባዲም ሆነ በትምህርት ቤት አልመጡም። የአውሮፓ አሻራ በከተማችን ላይ የጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ማዕከል አድርገው ቀይሰዋታል። ፈረንሳይኛው የደረሰን አስቀድሞ አማርኛ ሆኖ፣ በጸሐፊው፣ በፖስታ ቤቱ፣ በሹፌሩና በወፍጮው ነው።

ታዲያ አንድ ቃል ከፈረንሳይኛ ነው ወይስ ከጣሊያንኛ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ምን እንመልስለት? ብዙዎች በጥራዝ ነጠቅ የሚጠቅሱት መለያ «ሲዮን» የሚለውን ማብቂያ ነው። ሚሲዮን፣ ሌጋሲዮን፣ ኮሚሲዮን የፈረንሳይኛ ሲሆኑ ሚሽንና ኮሚሽን የእንግሊዝኛ ናቸው ይባላል። ይህ እስከ እንግሊዝኛው ድረስ ትክክል ነው፤ ጣሊያንኛን ግን አይለይም። መኪና ነጂዎቻችን «ፍሪሲዮን» የሚሉትን እንውሰድ። የፈረንሳይ ሹፌር ይህን የመኪና ክፍል «አምብሬያዥ» ይለዋል፤ «ፍሪክሲዮን» ለእሱ መፋተግ ነው። ጣሊያኑ ግን «ፍሪትሲዮኔ» ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ክፍል ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮን ማብቂያው ፈረንሳይኛ ቢመስልም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የለየልንም ፍቺው እንጂ ድምፁ አይደለም። በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ የምናነበው «ፔንሲዮን»ም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ማደሪያ ቤት ማለት ነው፤ ፈረንሳይ ግን ሲናገረው «ፓንሲዮን» ስለሚል «ፔ» የሚለው አነባበብ ወደ ጣሊያንኛ ያደላል። ይህን ቃል በእንግሊዝኛ አንብቦ የጡረተኞች ማረፊያ ነው ያለኝ ተማሪ ገጥሞኛል።

በአንጻሩ «ቴምብር» ምንም አያከራክርም። ጣሊያን ፍራንኮቦሎ፣ እንግሊዝ ስታምፕ ይለዋል። ፈረንሳይ ብቻ ነው በአፍንጫው «ታምብር» የሚለው። አማርኛ በአፍንጫ የሚነገር አናባቢ ስለሌለው አናባቢውን ለብቻ፣ «ም»ን ለብቻ አድርጎ ፈታው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የታተሙት በ1894 በፓሪስ ስለሆነ ዕቃውና ስሙ አብረው መጡ። ፍቺው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ቴምብር በደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው ብቻ አይደለም፤ በውልና በሰነድ ላይ የሚከፈል ቀረጥም ነው። በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 «የቴምብር ቀረጥ» ይለዋል። ዛሬ ቤት የሚሸጥ ሰው «ቴምብር ከፈልኩ» ሲል ምናልባት አንዲት ቴምብር እንኳ በዓይኑ አላየም፤ ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሏል። ይህ ድርብ ፍቺ በፈረንሳይኛም ያለ ነው። በጐማ ወይም በእንጨት የሚመታውን ግን አማርኛ «ማኅተም» ለሚለው ለቀድሞ ቃሉ ትቶለታል፤ «ቴምብር ምታልኝ» የሚል ሰው አልሰማሁም።

«ቢሮ»ም ከአፍ የተወሰደ ለመሆኑ የራሱ ምስክር አለው። ፈረንሳይኛው የሚጀምርበት አናባቢ በካዕብና በሣልስ መካከል ያለ፣ ከንፈር አሹሎ የሚነገር ድምፅ ነው። ቃሉ ከጽሑፍ ተነብቦ ቢሆን «ቡሮ» በሆነ ነበር፤ ጆሮ ስለሰማው «ቢሮ» ሆነ። «ዶሴ»ና «ካቢኔ»ም የመጨረሻ ፊደላቸው በፈረንሳይኛ ስለማይነበብ በጆሮ የተያዙ ናቸው። «ኮንትራት» ግን የማይነበበውን «ት» ይዞ ቀርቷል፤ ወይ በዓይን ተነብቧል፣ ወይም ጣሊያንኛው «ኮንትራቶ» አግዞታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተርጓሚዎች ፈረንሳይኛው ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ «ኮንትራት»ን ትተው «ውል» ማለታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ኮንትራት ሕጉን አጥቶ መንገዱን አገኘ፤ ብቻዬን ልሳፈር የሚል ሰው ዛሬም ታክሲ ኮንትራት ይይዛል።

ወደ ቢሮ እንመለስ። በፈረንሳይኛ ቃሉ መጀመሪያ የጠረጴዛ ልብስ የሚሆን ሻካራ ጨርቅ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ያለበት ክፍል፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ሆነ። አማርኛ የወሰደው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። በክልሎች መዋቅር ውስጥ ደግሞ ቢሮ ፈረንሳይ የማያውቀውን የማዕረግ ፍቺ አገኘ። ለትምህርት በፌዴራል ደረጃ ሚኒስቴር፣ በክልል ቢሮ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ስሞች ፈረንሳይኛ፣ የታችኛው የእኛው ነው። (የጠቅላይ ሚኒስትሩም መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ቤት መባሉ ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ ደስ የሚል ልዩነት ነው።) «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሯቸው የሉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አያሻማም፤ አንዱ ተቋም፣ ሌላው ክፍል ነው። ለፈረንሳይኛ ተርጓሚ ግን ይህን መለየት ያደክመዋል።

ከሁሉ ይበልጥ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ የሚበላሸው «ሚኒስቴር»ና «ሚኒስትር» ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ፣ ሚኒስትር ሰውዬው ነው። ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የአውሮፓን ሥርዓት የሚያስረዱ ሰዎች ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና ሁለቱ ቃላት ልዩነታቸው ሳይነካ ገቡ። የዛሬው ተማሪ ሰውዬውን በእንግሊዝኛ የሚያውቀው «ሚኒስተር» በሚል ድምፅ ነው፤ ይህም በአማርኛ ጽሑፍ ሲታይ ለሚኒስቴር ይቀርባል። ስለዚህ «የትምህርት ሚኒስቴሩ ንግግር አደረጉ» ብሎ ይጽፋል፤ ሕንፃው ተነሥቶ ተናገረ ማለት ነው። ሲታረምም ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ ይመስለዋል። የፈረንሳይኛውን ጥንድ አንድ ጊዜ ጽፎ ካየ ግን አይረሳውም። ፈረንሳይኛን ለአማርኛ ተማሪ ማስተማር ጥቅም የለውም ለሚሉ ባልደረቦቼ የማቀርበው ምሳሌ ይህ ነው።

«ሹፌር» ሌላ ዓይነት ዕድል ገጥሞታል። በፈረንሳይኛ «ሾፌ» ማለት ማሞቅ ሲሆን «ሾፈር» መጀመሪያ የእንፋሎቱን እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር፤ በመሠረቱ የባቡር ባልንጀራ ነው። አማርኛ ሙያውን ብቻ ወስዶ እንደ ስም ሊተወው ይችል ነበር። ተናጋሪው ግን ከስሙ ውስጥ ሽ፣ ፍ፣ ር የሚሉ ሥር ፊደላትን አውጥቶ «ሾፈረ፣ ይሾፍራል፣ መሾፈር» አለ፤ ልክ እንደ «ቆፈረ፣ ይቆፍራል፣ መቆፈር»። ከዚያም በ«ግብርና»ና በ«ሽምግልና» አምሳል «ሹፍርና» የሚል የሙያ ስም ወለደ። አንድ ባዕድ ቃል ግሥ ሆኖ ከረባ በኋላ ባዕድ ብሎ መጥራት የሚያስቸግር ይመስለኛል። የመንግሥት ጽሑፍ «አሽከርካሪ» ይላል፤ በአጋሮ መናኸሪያ ግን ረዳቱ የሚጠራው ሹፌሩን ነው። «ጋራዥ» በአንጻሩ አልረባም፤ ፍቺውም ጠቦ የመኪና መጠገኛ ብቻ ሆኗል።

የቆየ ጽሑፍ ለሚያነብ ተማሪ የሚያስፈሩት ግን በመልክ የእኛ የሚመስሉት ናቸው። በምኒልክ ዘመን ደብዳቤዎችና በኋላ በተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ «ሙሴ ኢልግ»፣ «ሙሴ ሸፍኔ» የሚል እናገኛለን። ይህ «መስዬ» የሚለው የፈረንሳይኛ የክብር መጠሪያ ነው። ኢልግ ስዊስ ነው፤ ቃሉ ለአውሮፓዊ ሁሉ ያገለግል ነበር። አጻጻፉ ከነቢዩ ሙሴ ጋር አንድ በመሆኑ ግን ኢልግ በክርስትና ስሙ ሙሴ ይባል ነበር ብሎ የጻፈልኝ ተማሪ አለ። ስሕተቱ አያስቅም፤ ማስታወሻ ያልጨመርኩለት እኔ ነኝ።

«ለገሃር»ም ከዚሁ ወገን ነው። በክፍሌ ውስጥ ያሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ቃሉን በቋንቋቸው ይፈቱታል። «ለገ» ወንዝ ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲ ምስክር ናቸው፤ ቀሪውን ክፍል አንዳንዶቹ ሐይቅ ከሚለው «ሀሮ» ጋር ያያይዙታል። ነገሩ «ላ ጋር» የሚለው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት የሆነው ፈረንሳይኛ ነው። የቀድሞው ጣቢያ አገልግሎቱን ቢያቆምም ስሙ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም የተማሪዎቹ ፍቺ ምንጩን በተመለከተ ስሕተት ቢሆንም ሌላ እውነት ያስረዳል። «ላ ጋር» ተለውጦ «ለገሃር» የሆነው አዲስ አበባ በ«ለገ» የሚጀምሩ የቦታ ስሞች በሞሉበት አገር ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሊሆን ይችላል፤ ጆሮ የማያውቀውን በሚያውቀው ይተረጉማል። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር «ስሕተት ነው» ብዬ ከመጀመር ተቆጥቤያለሁ።

በሥነ ጽሑፍ ቃላት ላይ ብዙ አልቆይም። «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች ስለተነሡ ቃሎቻቸው ሁሉ ፈረንሳይኛ ይመስሉናል። ፈረንሳይኛው ግን «ኮሜዲ» ነው፤ «ኮሜዲያ» የሚለው መልክ ከሩስኛው ጋር ይገጥማል፤ ደራሲውም አስቀድመው የተማሩት በሩስያ ነው። «ቴአትር» የሚለውም ለሁለቱም ይሆናል። የሥራው ምንጭና የቃሉ ምንጭ አንድ መሆን እንደሌለበት ለማሳየት ይህ ይበቃል።

በቡና አገር የምንኖር ሰዎች «ካፌ»ን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ቃሉ ከከፋ ወጣ የሚለውን ተማሪዎቻችን በኩራት ይጽፉታል። የድምፁ መንገድ ግን ከአረብኛው «ቀህዋ» ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያ ወደ ጣሊያንኛና ወደ ፈረንሳይኛ ነው፤ ቀህዋም ለቡና ከመዋሉ በፊት የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። ከከፋ ጋር ያለው ዝምድና አልተረጋገጠም። ከፋዎች ራሳቸው «ቡኖ»፣ ኦሮሞዎች «ቡና» ነው የሚሉት። የሚያስገርመው የአገባቡ ነገር ነው። በፈረንሳይኛ ካፌ መጠጡም ቤቱም ነው፤ አማርኛ ቤቱን ብቻ ወሰደ። «ቡና ቤት» የሚለው የራሳችን ስም ደግሞ ቢራና አረቄ ለሚሸጥበት ሆነና፣ በጅማ ቡና መጠጣት የሚፈልግ ሰው ቡና ቤት አይሄድም፤ ወይ ካፌ ይገባል ወይ ጀበና ያለችበት ይቀመጣል።

የመጨረሻው ቃል «ማዳም» ነው። በቀድሞው አማርኛ የሙሴ ጥንድ ሆኖ ለአውሮፓዊት ሴት ይነገር ነበር፤ በኋላም ለከተማ እመቤት፣ አንዳንዴም በፌዝ። ዛሬ በጅማ ዞን መንደሮች ስንሰማው ሌላ ሰው ነው የሚያመለክተው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ አረብ አገሮች ይሄዳሉ። በቤይሩት የቤቲቱ እመቤት «ማዳም» ትባላለች፤ ሊባኖስ በፈረንሳይ አስተዳደር ሥር ሳለች የገባ ልማድ ነው። ሲመለሱ ቃሉን ይዘውት ይመጣሉ፤ ያላንዳች ማብራሪያ «ማዳሜ» ይላሉ፤ ፍቺውም «አሠሪዬ» ነው። «ማዳም ከለከለችኝ»፣ «ማዳም ፓስፖርቴን ያዘችው»፣ «ማዳም ጥሩ ነበረች» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ወይዘሮ» የሚለው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ምንም አይሠራም። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የእኅቷን ደብዳቤዎች ለመመረቂያ ጽሑፏ ስትመረምር ይህን ቃል እንዴት ልፍታው ብላ ጠየቀችኝ። «እኅትሽ የምትለውን ጻፊ፤ ፈረንሳይኛውን በግርጌ አስቀምጪው» አልኳት።